ሬዲዮው ዝም ያለ ዕለት

ውድ ናፊያ፣

ስልክ አላነሳ ስላልሽ ጻፍኩልሽ። ድሬዳዋ አክስትሽ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ እየለካሽ ነው አሉኝ። ጨርቅ መለካት ክፉ ሥራ ሆኖ አይደለም፤ ግን ሜትር ይዘሽ ቆመሽ ላስብሽ ብሞክር አልመጣልኝም። እኔ የማውቅሽ ማይክራፎን ፊት ነው።

ሰኞ ጠዋት የጣቢያው የዲሲፕሊን ኮሚቴ ጉዳይሽን ያያል። ክሱን አንብቤዋለሁ፤ «በቀጥታ ሥርጭት ላይ ሆን ብላ አየሩን ባዶ አድርጋለች» ይላል። እኔ ለምስክርነት ተጠርቻለሁ። አንቺ ግን «አልመጣም፤ አንዴ ማገዳቸው ይበቃኛል» ብለሻል አሉ። ካልቀረሽ ሥራሽ ሊመለስልሽ ይችላል፤ ከቀረሽ ግን በሌለሽበት ይወስናሉ። ስለዚህ ለመቅረት ከመቁረጥሽ በፊት ይቺን ወረቀት እስከ መጨረሻዋ አንብቢልኝ፤ የሐኪም እጅ ጽሑፍ ማንበብ ከቻልሽ ማለቴ ነው።

መጀመሪያ ቢሮዬ የመጣሽ ጊዜ ደንጊ ትኩሳት ከተማውን ይዞ ነበር። የሕፃናት ክፍሉ ሞልቶ አልጋ በአልጋ ላይ ሆነናል። ጃሚላ የምትባል የባጃጅ ነጂ ልጅ ድዷ እየደማ ተኝታለች። እናቷ ትኩሳቱ እንዲወርድላት ብላ ሰፈር ውስጥ ዲክሎፌናክ አስወግታታለች፤ ደንጊ የያዘው ሰው ደግሞ እንዲህ ያለውን ማስታገሻ ሲወስድ ደም መፍሰሱ ይብስበታል። እናቲቱ ይህን ከየት ትወቅ? እኔ በመግለጫ ነግሬያለሁ ባይ ነኝ። ትንኝ የሚራባበትን አጥፉ ብዬም ነግሬያለሁ፤ ሰዉም ቦይ ለቦይ ወጥቶ ሲጠርግ ሰንብቷል። ታማሚው ግን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ምን እንደጎደለ አላውቅም ነበር።

ከጋዜጠኛ ጋር ደግሞ ሰላም አልነበረኝም። ዓምና «ጥቂት ሰዎች ተጠርጥረዋል» ያልኩት ቃል አንድ ጋዜጣ ላይ «ወረርሽኝ ከተማዋን አጥለቀለቃት» ሆኖ ወጥቶ አለቆቼ ፊት አቁሞኛል። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ከዚያ ወዲህ ጋዜጠኛ ሲመጣ ማኅተም ያረፈበት መግለጫ እሰጥና በሬን እዘጋለሁ። ለአንቺም ሰጠሁሽ። አልወጣሽም፤ እዚያው ቆመሽ ጮክ ብለሽ አነበብሽው።

«‹ኅብረተሰቡ የትንኝ መራቢያ ሥፍራዎችን በማስወገድ ረገድ የበኩሉን ሚና ይወጣ ዘንድ…› ዶክተር፣ ይሄን የጻፉት ለማን ነው?»

«ለሕዝቡ ነዋ!»

«አቦ ይተዉ! ይሄ ለአለቃዎ የተጻፈ ነው። እኔ እናቴ ቤት ገብቼ ‹ሚናሽን ተወጪ› ብላት በጫማዋ ነው የምትለኝ።»

ልቆጣ ብዬ ሳቄ አመለጠኝ። ከዚያ ማንም ጋዜጠኛ ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቅሽኝ፤ «ትንኟ የት ነው የምትፈለፈለው? በጣትዎ ያሳዩኝ።»

ጁገል፣ ከግንቡ ውስጥ፣ እናትሽ ቤት ይዘሽኝ ገባሽ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ በርሜል የሌለው ቤት የለም፤ የእናትሽም ግቢው ጥግ ላይ ቆሟል። በነጭ ስኒ ቀድቼ ወደ ብርሃኑ አወጣሁት። ክር የመሳሰሉ እጮች ሽቅብ ቁልቁል ይላሉ። እናትሽ ጎንበስ ብለው አይተው፣ «ያ አላህ! ይሄ እኮ ለሶላት ስነሳ ለውዱእ የምታጠብበት ውሃ ነው፤ ንጹሕ ነው ወላሂ!» አሉ።

«ችግሩ ንጹሕነቱ ነው እናቴ፤ የደንጊ ትንኝ የምትወደው ንጹሕ ውሃ ነው። የምትናከሰውም በቀን ነው» አልኳቸው።

ያኔ ነው ለእኔም የበራልኝ። ሐረሬ ውሃውን በንጽሕና መያዝ ክብሩ ነው፤ ቦዩን ጠራርጎ፣ ትንኟን ግን ግቢው ውስጥ አስቀምጦ ይቀልባታል። እኔም «መራቢያ ሥፍራ» ስል በርሜል ማለቴ እንደሆነ አንድም ቀን አልተናገርኩም። አንቺ ስኒውን ከእጄ ተቀብለሽ እያየሽ፣ «ይሄን ካላዩት አያምኑም፤ የእኔ ሬዲዮ ደግሞ አያሳይም» አልሽ።

አየር ላይ እንድወጣ ስትለምኚኝ የምትጠቅሺውን ቃሌን አስቀድመሽ እንድታነቢልኝ ጠየቅሁሽ። ሌላው ጋዜጠኛ ቢሆን ይቀየመኝ ነበር፤ አንቺ አነበብሽልኝ። በምላሹ የጠየቅሽኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የማያውቁትን ስጠይቅዎ ‹አላውቅም› ይበሉኝ።» ከዚህ የቀለለ ውል አልነበረም፤ ለእኔ ግን ከብዶኝ ነበር፤ እንደምንም ተስማማሁ።

ያን ዕለት ረፋድ ላይ ስቱዲዮ ውስጥ የሆነውን አንቺ ከውስጥ ሆነሽ ስላየሽው ምናልባት ቀሎሽ ይሆናል። እኔ እስካሁን ስናገረው ይገርመኛል።

«የምትሰሙኝ ሁሉ፣ እስቲ ከተቀመጣችሁበት ተነሱ» አልሽ። «ነጭ ስኒ፣ ካልሆነም ብርጭቆ ያዙ። ከበርሜላችሁ ውሃ ቅዱና ብርሃን ላይ አውጥታችሁ እዩት። እኔና ዶክተር የትም አንሄድም፤ እስክትመለሱ እንጠብቃችኋለን።»

ከዚያ ዝም አልሽ።

ከመስታወቱ ማዶ ቴክኒሻኑ እጁን ያወናጭፋል። ሥራ አስኪያጁ አቶ ዐብዱናስር በሩን በርግደው ገቡ፤ አንቺ ጣትሽን ከንፈርሽ ላይ አድርገሽ አየሻቸው። ዘፈን የለ፣ ማስታወቂያ የለ፣ ምንም የለ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ደረት ላይ ማዳመጫ አሳርፌ ዝም ማለት የለመድኩ ሰው ነኝ። ግን እንደዚያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። ከግንቡ ውስጥም ከግንቡ ውጭም፣ በየግቢው፣ ሰው ሁሉ ስኒ ይዞ ወደ በርሜሉ ሲሄድ ታየኝ። ከተማው በሙሉ በአንድ ጊዜ የራሱን ውሃ ሲያይ! እንባዬ መጥቶ ነበር፤ አላየሽኝም እንጂ።

ስልኩ ጮኸ።

«ሀብቴ፣ አንተ ነህ?» ወይዘሮ ተናኘወርቅ፤ የገዛ እናቴ!

«እማዬ፣ አየር ላይ ነን።»

«አየር ላይ ሁን ምድር ላይ፣ በርሜላችን ውስጥ የሚጨፍረው ምንድን ነው? ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እያልኩ አሳድጌህ፣ የቤትህን ሳታይ የሰው ቤት ትመረምራለህ?»

አንቺ በሳቅ ጠረጴዛው ላይ ተደፋሽ። እኔም መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ግን ከዚያ በኋላ ስልኩ መቼ ዐረፈ? ከገጠሩ፣ ከድሬ ጠያራ፣ አንድ ገበሬ «የከብቶቹ ገንዳ ውስጥም አለ፤ ልድፋው?» አለ። አንዲት እናት «ለትኩሳቱ ልጄን መርፌ ላስወጋት?» ስትል «በፍጹም! ፓራሲታሞል ስጪያትና ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጃት» አልኩ። አንዱ «በሽታው መቼ ይጠፋል?» ብሎ ጠየቀኝ። አየሁሽ። አየሽኝ። «አላውቅም» አልኩ። ይንቁኛል ብዬ ስፈራ ሰውየው «እውነቱን ስለነገርከኝ አላህ ይስጥህ» ብሎ ዘጋ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አላየሽም፤ በማግሥቱ አግደውሻል። ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ባጃጅ ነጂዎቹ ሬዲዮው የተበላሸ መስሏቸው በጡጫ ሲደበድቡት እንደነበር እየሳቁ ነገሩኝ። የአፎቻ ማኅበር ሴቶች፣ እነዚያ ሰርግና ለቅሶ ላይ የማይቀሩት፣ ብሩሽና ሳሙና ይዘው ቤት ለቤት በርሜል ሲፈትጉ ሰነበቱ። ቢሮዬ የሚመጣው ሰው ብርጭቆ በላስቲክ ሸፍኖ «ዶክተር፣ ይሄ እሱ ነው?» ይለኛል። ጃሚላ ድና ወጥታለች፤ አልጋዎቹም ባዶ እየሆኑ ነው። እንደ ሐኪም «ያዳናቸው ያ ዝምታ ነው» ብዬ አልፈርምም፤ ኬሚካልም ተረጭቷል፣ አየሩም ቀዝቅዟል። ግን መርፌ ተወግቶ እየደማ የሚመጣልኝ ልጅ እንደቀረ እምላለሁ። ይሄ ያንቺ ነው።

አሁን ወደ ጻፍኩበት ምክንያት ልምጣ። ትናንት አንዲት ሴት ልጇን ይዛ መጣች። ሳዳ ትባላለች። ልጅቷ ደንጊ ታማ ድናለች፤ ለክትትል ነው ያመጣቻት።

«ያን ቀን ሬዲዮ ላይ መርፌ ላስወጋ ብዬ የጠየቅኩት እኔ ነኝ» አለችኝ። «መርፌ የሚወጋው ሰው እቤቴ ተቀምጦ፣ መድኃኒቱን ስቦ ነበር። ሬዲዮው ዝም ሲል እኔም ስኒ ይዤ ወደ በርሜሉ ሄድኩ። አይቼ ስመለስ ‹ስለ ውሃው እውነት ከተናገሩ ስለ መርፌውም ልጠይቃቸው› ብዬ ስልክ መታሁ። እርስዎ ‹በፍጹም› ሲሉ ሰውየውን አስወጣሁት።»

«አባቷስ የት ነበር?» አልኳት።

«እሱማ ስቱዲዮ በር ላይ ቆሞ ናፊያን ይቆጣል» አለች። «ባሌ ዐብዱናስር ነው፣ ዶክተር፤ የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ።»

ለባሏ እስከ ከትናንት ወዲያ ማታ አልነገረችውም፤ በደወለችው ይቆጣኛል ብላ ፈርታ ነበር። ክሱን ስትሰማ ግን አላስቻላትም፤ ልጅቷን ፊቱ አስቀምጣ ሁሉንም ነገረችው። ጠዋት ሲነሳ የጠየቃት አንድ ነገር ነው አለች፤ «ናፊያ ሰኞ ትመጣለች?»

እኔ «ኢንሻአላህ» አልኳት፤ እናቴ ብትሰማኝ ጉድ ትል ነበር።

እንግዲህ ናፊያ፣ ሜትሩን አስቀምጪና ነይ። እንደገባኝ ሰውየው ይቅርታ ሊጠይቁሽ ነው የሚመጡት። ይቅርታቸውን ለባዶ ወንበር እንዳይነግሩት።

ሰኞ ጠዋት ጣቢያው በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅሽ፣
ሀብተወልድ