ከበርሊን የመጣው ፎቶ

አርባ ምንጭ፣ ጥር 1989 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ ገነነ፣

የጌታ ሰላም ባለህበት ይድረስህ። እኛ ሙቀቱ ካስመረረን በቀር ደህና ነን። እኔም ያው ዓሣ ቤት ሰሐን እያጠብኩ ነው።

በርሊን ውስጥ፣ ቬትናሞቹ ምግብ ቤት ተጋብዘህ የተነሣኸው ፎቶ ደረሰን። አባባ እሑድ ይዘውት መድረክ ላይ ወጡና፣ «ፈረንጆች ልጄን በሁለት እንጨት የሚበላ ምግብ ጋበዙት» ብለው መሰከሩ። ምእመኑም እልል አለ።

እኔ ግን ቤት ወስጄ ደጋግሜ አየሁት። የሁሉም ካፖርት ወንበራቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ አንተ እጅጌህን እስከ ክርንህ ሰብስበህ ከኋላቸው ቆመሃል። «አባባ፣ ለምን አልተቀመጠም?» ብላቸው፣ «ታላላቆቹ በልተው እስኪነሡ ነዋ! ጨዋ አድርጌ አይደል ያሳደግኩት?» አሉኝ።

አሁን ታናሻችንን አጵሎስን ወደ አንተ ለመላክ ምዕራብ ዓባያ ያለውን የሙዝ ማሳ ሊሸጡ ነው። ያለን እሱ ብቻ እንደሆነ ታውቃለህ። ገዢው ከፋሲካ በኋላ ይመጣል። እኔን እንኳ አይሰሙኝም፤ አንተን ግን ይሰማሉ። እባክህ ከፋሲካ በፊት ጻፍላቸው። የምትለውን አንተ ታውቃለህ።

አጵሎስ ሰላም ብሎሃል፤ ጀርመንኛ መማር ጀምሯል።

ደብዳቤውን በሚያደርስልህ ሰው እጅ ቅባት ልኬልሃለሁ። እኔ ከሥራ ስገባ እጄን የምቀባው ነው። ለአባባ ግን ለብርዱ ነው ብያቸዋለሁ።

ጌታ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ።

እህትህ ሣራ