በቁመትህ ልክ

ልጄ እንዳልካቸው፣ ያሻገረህ መንገድ በሰላም ይመልስህ። እኛ ከሐሳብ በቀር ደህና ነን።

አባትህ እስከ ዘንድሮ ክረምት ድረስ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ከሽመል እየሠራ ለዘመድ ወዳጅ ያድል ነበር፤ እያንዳንዱን በባለቤቱ ቁመት ልክ። ሽመል በክረምት ከተቆረጠ እንደሚነቅዝ ሰውን የሚመክረው እሱ ነው። ከካርቱም ወደ ሊቢያ ልትሻገር መሆኑን ሲሰማ ግን፣ ያንተን ልሥራ ብሎ በነሐሴ ዝናብ ወጥቶ ቆረጠ። ነቀዘበት። "ምልክት ነው" አለና ከዚያ ወዲህ ቢላዋውን አላነሣም።

እኔ ምልክት አላውቅም፤ አንተ ብቻ እዚያው ካርቱም ቆይ። በኅዳር ሌላ ሽመል ይቆረጣል፤ ቁመትህን ግን አናውቀውም፤ ስትሄድ ቁመትህ እስከ አባትህ ትከሻ ነበር። ውሃም ሰውም አይክፋብህ፤ በሲባጎ ተለክተህ ሲባጎውን ወደ እኛ ለሚመላለሰው ነጋዴ ለአብዱረሕማን ስጠው። የቁመትህን ቁጥር በስልክ አትንገረኝ። አንተን የነካውን ሲባጎ በእጄ ልያዘው።

እናትህ ድንቅነሽ