ዳቦ ቤቱ ዝግ ነበር

ሳን ራሞን መንደር፣ ሳማር ደሴት
ጁላይ 14 ቀን 2011

ለሆዴ ልጅ ለሮዴል፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ሳልህስ ተሻለህ? የላክሁልህን ደረቅ ዓሣ የእስር ቤቱ ጠባቂዎች ግማሹን እንደሚያስቀሩት አውቃለሁ፤ ይብሉት። የቀረውን ግን አንተ ብላው፣ እንደ ልማድህ ለክፍሉ ሁሉ አታከፋፍል። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ዝናብን ከደመናው ቀድሞ ያውቃል እንጂ ሌላ ምንም የለብኝም።

ማክሰኞ ዕለት ጠበቃዋ መጥታ ነበር። ጫማዋን አውልቃ በሩ ላይ ተገትራ ስትቀር ነው የገባኝ። "እማማ ፑሪንግ፣ ይቀመጡ" አለችኝ፣ በገዛ ቤቴ። ይግባኙ ውድቅ ሆኗል ልጄ። የዕድሜ ልኩ ጸንቷል። እዚያ ከሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው ቶሎ የጻፍኩት።

አንብቢልኝ አልኳት። "የሟች ሚስት ወይዘሮ ሳሉድ ባሏ ሲወጋ አጠገቡ ቆማ ተከሳሹን አይታዋለች፤ ቂም የሌላት ሴት በሐሰት የምትመሰክርበት ምክንያት የለም" ይላል። እውነት ነው፣ ቂም የላትም። የክርስትና እናትህ አይደለች? ግን በዚያ ሳምንት አንተና ባሏ በዓሣ መረብ ተጣልታችሁ ነበር፤ በዝናብ፣ በጭለማ፣ ኮፍያ የደፋ ሰው ስታይ ከዐይኗ በፊት ልቧ አንተን አየ። ባሏ እጇ ላይ የሞተባት ሴት ዐይኗን እንዴት ትጠራጠረው? እኔ እሷን መጥላት አቅቶኛል።

አንተ ጋ ሲደርስ የጠበቃዋ ድምፅ ቀነሰ። "ተከሳሹ በሰዓቱ ቤት ነበርኩ ቢልም ከእናቱ በቀር ያየው የለም። እናቱም ከለቅሶ ሲመለስ ዳቦ ቤት ጎራ ብሎ ዳቦ ይዞ መጣ ብላለች። ጋጋሪው ግን በዚያ ቀን ምድጃው ፈርሶ ዳቦ ቤቱ ዝግ እንደነበር መስክሯል። በዳቦው የዋሸች በሰዓቱም ብትዋሽ አያስገርምም።"

ወረቀቱን አጠፈችና "እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ዳቦ ቤቱን ምን አመጣው?" አለችኝ።

ዝም አልኳት። አንተን ግን ዝም አልልህም።

ያን ቀን ማዶ መንደር የአጎትህ ለቅሶ ላይ ነበርክ። ዝናቡ ጣራውን አልፎ የእህትህ የሚላ ልጅ አልጋ ላይ ይንጠባጠባል፤ እሷ ዓሣ ማሸጊያው ፋብሪካ ተረኛ ናት። ደወልኩልህ። "እማ፣ ከለቅሶ ቤት እኮ ነኝ። መጀመሪያ የሆነ ቦታ ጎራ ልበል፣ ሟቹ ተከትሎኝ እንዳይገባ። ቤት ውስጥ ሕፃን አለች" አልከኝ። "አጎትህ በሕይወቱም በዝናብ ወጥቶ አያውቅ፣ አሁን ነው የሚከተልህ? የትም አትቁም፣ በቀጥታ ና" ብዬ ሳቅኩብህ። ሳቅኩ እኮ ልጄ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሳሉድ ባሏን ታቅፋ ስትጮህ፣ አንተ ጣራ ላይ ቆርቆሮ ትመታ ነበር፤ እኔ ከታች ፋኖስ ይዤልህ። ከዚያ ወርደህ ሕፃኗን አቀፍካት።

በሦስተኛው ቀን ሞተች። ሐኪሙ የሳንባ ነው አለ። ሚላ ግን ዐይኗን ዐይኔ ላይ ተክላ "ከለቅሶ ቤት በቀጥታ ነው የገባው?" አለችኝ። "ኧረ በጭራሽ፣ ዳቦ ቤት ጎራ ብሎ ነው" አልኳት። አንተን ከእሷ ለማዳን ነው እያልኩ ራሴን ስደልል ኖርኩ። በቀጥታ ና ያልኩህ እኔ ነኝ፤ የፈራሁትም ለራሴ ነው።

ፍርድ ቤት የቆምኩ ቀን ሚላ ሦስተኛው ወንበር ላይ ጥቁር ለብሳ ተቀምጣ ነበር። ዐቃቤ ሕጉ "በቀጥታ ነው የመጣው?" ሲለኝ ዳኛውን አላየሁም፣ እሷን ነው ያየሁት። ተራህ ሲደርስ አንተም እኔን አየህ፣ ከዚያ እሷን አየህ፣ ከዚያ "አዎ፣ ዳቦ ቤት ጎራ ብዬ ነበር" አልክ። ይኸው ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ለምን ብለህ አልጠየቅከኝም። በጻፍክ ቁጥር "እማ፣ ጣራው ያፈሳል ወይ?" ነው የምትለኝ።

ትናንት ለሚላ ነገርኳት። ድስት እያጠበች ነበር፤ ማጠቧን አላቆመችም።

"ሮዴል ያውቃል?"

"ያውቃል።"

"ታዲያ ለምን ዝም አለ?"

"ላንቺ ብሎ።"

ድስቱን አስቀመጠችው። "እማ፣ የሳንባ በሽታ መሆኑን እኮ ያኔም አውቅ ነበር" አለች። "የምቆጣው ሰው አጥቼ ነው የጠየቅኩሽ።" ከዚያ እርጥብ እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔ ማልቀስም አፈርኩ።

ዛሬ ጠዋት ጠበቃዋ ቢሮ ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ፣ ሚላም አብራኝ ነበረች። ልጅቷ አልዋሸችኝም። "እማማ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ከስድስት ዓመት በኋላ ቃሏን የለወጠች እናት ማን ያምናታል?" አለች። ቢሆንም ጻፈችው፤ እኔም ፈረምኩበት። ይዛው ወደ ላይኛው ፍርድ ቤት ትሄዳለች። ተስፋ አልሰጠችኝም፣ እኔም ለአንተ ውሸት አልጨምርልህም።

ጣራው አያፈስም። ያን ቀን የመታኸው ቆርቆሮ እስካሁን እንደያዘ ነው።

የፈጠረህ አምላክ ሳልህን ያንሳልህ፣ ደጉን ጠባቂ ያቁምልህ፣ አንተም እኔን ይቅር በለኝ። ከእስር የወጣ ሰው ደጀ ሰላም ሳይሳለም ቤቱ አይገባም የሚሉ አሉ፤ ይበሉ። ያ ቀን ከመጣ፣ ብኖርም ባልኖርም፣ የትም አትቁም። በቀጥታ ና።

እናትህ
ፑሪንግ