ድንጋዩ ላይ አይቀረጽ

ለውድ አባቴ ለመምህር ማቲያስ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን በእግዚአብሔር ስም እጠይቃለሁ። ለመሆኑ እንዴት ሰነበቱ? ሳሉ ተወዎት? የእግርዎ እብጠት ጎደለ? ዓይንዎስ የመስኮቱን ብርሃን እንኳ ይለያል ወይስ እሱም ቀረ? እናቴስ፣ ያ የወገቧ ነገር እንዴት አደረጋት? እኔ ከናፍቆታችሁና ከዚህ አገር ብርድ በቀር ደኅና ነኝ። ብርዱስ ይለመዳል።

እህቴ ፌሬና የጻፈችልዎት ደብዳቤ ደርሶኛል። ድንጋይ ጠራቢው ማይስተር ኡልሪክ የመቃብር ድንጋይዎን አለስልሶ፣ ስምዎን ቀርጾ፣ ከስሙ በታች የሚገባውን መስመር ብቻ እየጠበቀ ነው ብለውኛል። "ሰው በቁሙ ድንጋዩን ካላስጠረበ ወራሾቹ ያሻቸውን ይጽፉበታል" ያሉት አሳቀኝ፤ ወዲያው ደግሞ አስለቀሰኝ። መስመሩ "የኔጌቲቭ አንድ ሎጋሪዝም ዜሮ ነው" የሚለው የዕድሜ ልክ ድካምዎ ነው። "የዚያ የሳይንስ አካዳሚ ሰዎች እሺ ካሉ ቶሎ ጻፍልኝ፤ ሳልሞት በጣቴ ልዳብሰው" ብለው ለምነውኛል።

አባቴ፣ ቁርጡን ልንገርዎ፤ አይቀረጽ።

ማረጋገጫዎን ለአካዳሚው ሽማግሌ ለፕሮፌሰር ሊንድማየር እርስዎ እንዳስተማሩኝ አድርጌ አስረዳሁ። አሥር በአሥር ሲባዛ መቶ ስለሆነ የመቶ ሎጋሪዝም የአሥር ሎጋሪዝም እጥፍ፣ ሁለት ነው፤ የአንድ ደግሞ ዜሮ ነው። ኔጌቲቭ አንድ በራሱ ሲባዛ አንድ ይሆናል። እንግዲህ የእሱ ሎጋሪዝም እጥፉ ዜሮ ከሆነ ራሱም ዜሮ ነው። ይህን በትምህርት ቤታችን ሰሌዳ ላይ እያየሁ አይደል ያደግሁት! ሽማግሌው ትንባሆአቸውን እያሸተቱ ሰሙኝና፣ "ስማ አንተ የተራራ ልጅ፣ አባትህ ዜሮ ቤት መግባቱንስ ገብቷል፤ እስኪ አንተ ተመልሰህ ውጣልኝ" አሉኝ። ከዜሮ ሎጋሪዝም ወደ ቁጥሩ ብመለስ ብመለስ የማገኘው አንድን ነው። ኔጌቲቭ አንድ በዚያ በኩል የለም።

"እሺ፣ በአሥር ፋንታ የሚባዛው መሠረት ራሱ ኔጌቲቭ ይሁን" አልሁ፤ ይህንንም ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። "ሦስት ኔጌቲቭ ሁለቶችን ባባዛ ኔጌቲቭ ስምንት ይሆናል፤ ሎጋሪዝሙ ሦስት ነው።" "ጎሽ!" አሉና ሳቁብኝ። "ፖዘቲቭ ስምንትንስ ከየት ታመጣታለህ? ከሁለተኛው እርምጃ ወደ ሦስተኛው ስታልፍ እግርህ መሃል ላይ ምን ይረግጣል? የእንቁራሪት ዝላይ መንገድ ይባላል እንዴ?"

ከዚያ ከበርሊን የመጣ ጽሑፍ ሰጡኝ። ስሕተት ባገኝበት ብዬ እስክታመም ድረስ አገላበጥሁት፤ አንድም የለውም። ኔጌቲቭ ቁጥሮች ሎጋሪዝም አላቸው፤ ያውም ስፍር ቁጥር የሌለው። ሁሉም ግን ምናባዊ ከሚባሉት ቁጥሮች ወገን ናቸው፤ ዜሮ ከመካከላቸው አይገኝም። እኛን የጣለን፣ አንድ የሚባለው ቁጥር አንድ ሎጋሪዝም ብቻ ያለው መስሎን መኖራችን ነው። የእሱም ሎጋሪዝሞች ማለቂያ የላቸውም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለእኛ በሰው ደጅ ጠራብን።

ልዋሽዎት አስቤ ነበር። "እሺ ብለዋል" ብዬ ብጽፍ ድንጋዩን ዳብሰው፣ ደስ ብሎዎት ያርፉ ነበር። ግን የሚቆመው በቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ዳር ነው፤ ከባዝል የሚመጣ ተማሪ ሁሉ ያነበዋል። አንዱ ለጓደኛው እያሳየ በስምዎ ሲስቅ ታየኝና ብዕሩን አስቀመጥሁ። በፋንታው ሌላ መስመር ፈለግሁልዎት። እውነት የሆነው ሁሉ የሌላ ሰው ነው፤ የእኛ የሆነው ደግሞ እውነት አይደለም። ከስምዎ በታች ባዶ ይቅር አባቴ፤ ሌላ የምሰጥዎ የለኝም።

እናቴን ጉንጯን ሳሙልኝ። ማይስተር ኡልሪክን በከንቱ ስላስጠበቅነው ይቅርታ በሉልኝ። ጎረቤታችን እማማ ባርባራን፣ የትምህርት ቤቱንም ልጆች ሰላም በሉልኝ።

ፌሬና እህቴ፣ ይህን የምታነቢላቸው አንቺ ነሽ። መሃል ላይ "ይበቃል" ቢሉሽም አታቁሚ። እስከዚህ ከደረስሽ ወረቀቱን አስቀምጪና እጃቸውን ያዢልኝ፤ እኔ ሩቅ ነኝ።

ልጅዎ ቴዎባልድ

ሴንት ፒተርስበርግ፣ በዚህ አገር አቆጣጠር የካቲት 12፣ በእናንተ የካቲት 23 ቀን 1750