ፊቷን ወደ መሠዊያው ያዞራት ሰው

ውድ አጎቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? ልጅዎ በስልክ «ደህና ነው፤ ግን ምግብ ይመርጣል» ብላኛለች። ምግብ መምረጥ ከጀመሩማ ድነዋል ማለት ነው። እኛም ደህና ነን። ይህን ነገር በስልክ ልነግርዎት አስቤ ነበር፤ ግን እኔና እርስዎ ስልክ ላይ ከተገናኘን ስለ ዝናቡና ስለ ፀሐዩ ስናወራ ነው የሚመሸው። ስለዚህ ኖራ የነካው እጄን ታጥቤ ለመጻፍ ተቀመጥኩ።

ዕድሜዎን ሙሉ ያገለገሉበትን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እየጠገንኩ መሆኔን ያውቃሉ። ከመሠዊያው ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ልስኑ አብጦ ነበርና ባንኳኳው የባዶ ድምፅ ሰጠኝ። ልስኑን ሳነሳ ስስ ጠፍጣፋ ድንጋይ ቆሞ አገኘሁ፤ እሱን ደግሞ ገለል ባደርገው የሴት ፊት ያየኛል። ከነትከሻዋ ከአንድ ድንጋይ የተቀረጸች፣ እቅፏን ሙሉ የስንዴ ዛላ የያዘች፣ ፈገግ ያለች ሴት። እውነቴን ነው፣ መሮው ከእጄ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ደውሎ ነግሮዎት ይሆናል፤ ሙሉውን እንዳልነገረዎት ግን እርግጠኛ ነኝ። መጀመሪያ ሮጦ የመጣው እሱ ነው። «እመቤታችን ተገለጠች!» ብሎ ጮኸና ባርኔጣውን አውልቆ ግንባሯን ሳማት። «ኧረ ትንሽ እንታገስ፣ የሚያውቅ ሰው ይያት» ብል ማን ይስማኝ! ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ሻማ በራ፤ እናቱ የሞተችበትም፣ እናቱ ውሃ ልትቀዳ የሄደችበትም እኩል አለቀሰ። ሰብሳቢው በር ላይ ቆሞ ሰልፍ ያስይዝ ነበር፤ ሁለቴ የሚሳለም ሰው ሲያገኝ ይቆጣል።

በማግስቱ የሙዚየም ባለሙያዋ መጣች። ጎንበስ ብላ ስታያት ቆየችና «ይቺ ማርያም አይደለችም» አለች፤ ማንንም ላለማስቀየም ቀስ ብላ። «ክርስትና ወደዚህ ከመምጣቱ በፊት የነበሩ ሰዎች እህል ትሰጠናለች ብለው የሚያመልኳት ጣዖት ናት።» ሰብሳቢው መሐረቡን አውጥቶ አፉን ሲጠርግ አየሁት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄ ነው ብዬ በልቤ ሳቅኩ።

ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም። ያፈረ ሰው እንዴት እንደሚከፋ እርስዎ ያውቁታል። «ሕዝቡ ጣዖት ሲስም ውሎ ዝም ሊባል ነው? ተፈጭታ ትውጣ!» አሉ የሰፈሩ ሽማግሌዎች፤ ከሁሉም አብልጦ የጮኸው የመጀመሪያው ሳሚ ነው። ባለሙያዋ ለመነች፣ እኔም ተከራከርኩ። በመጨረሻ የተስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርስዎ የሚሉት ይሁን አሉ። እሑድ ይሰበሰባሉ። ስበሯት ካሉ ትሰበራለች፤ ተዉአት ካሉም ትተርፋለች።

ጋሼ፣ ከመወሰንዎ በፊት እኔ ያየሁትን ልንገርዎት። አሮጌ ግድግዳ ስናፈርስ የጣዖት ስብርባሪ ማግኘት ለእኛ ብርቅ አይደለም። የተጠላ ምስል እንዴት እንደሚቀበር አይቻለሁ፤ አንገቱ ተቆርጦ፣ በአፍጢሙ ተደፍቶ፣ እንደ ጠጠር መሙያ ተደርጎ ነው የሚገኘው። ይቺ ግን ቀጥ ብላ ነው የቆመችው፤ ቱንቢ ጥዬ አይቻታለሁ። ኖራው ፊቷን እንዳይበላት ዙሪያውን በደቃቅ አሸዋ ሞልተውታል፤ አሸዋው ተነፍቷል። ያ ስስ ድንጋይም የቆመው ልስኑ እንዳይነካት ነው። ፊቷን ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ መሠዊያው አዙረውታል።

«በስውር ሊያመልካት የፈለገ ሰው ሥራ ነው» ይላል ሰብሳቢው። እኔ አይመስለኝም። ሊያመልካት የፈለገማ በጨለማ አውጥቶ ወደ ቤቱ ይወስዳታል እንጂ ማንም በማያያት ቦታ አይገነባባትም። ያ ግንበኛ ደግሞ ይህን ቤተ ክርስቲያን የሠራው ከልቡ ነው፤ የማዕዘን ድንጋዮቹ እስከ ዛሬ ንቅንቅ አላሉም። እኔ እንደሚመስለኝ ሰውየው አምኖ ተጠምቋል፤ እናቱ ግን ሳትጠመቅ ሞታለች። እናቱ ስትለማመናት እያየ ያደገባትን ምስል ሰባብረህ ሙላበት ሲሉት እጁ እምቢ አለው። ማምለኩን ትቷል፤ መስበሩን ደግሞ አልቻለበትም። ስለዚህ ቅዳሴው ወደሚሰማበት አዙሮ አቆማት። ማስረጃ አምጣ ቢሉኝ የለኝም፤ የሥራ ባልደረባዬን ሥራ አይቼ ነው የምናገረው።

ለእርስዎ ይህ ነገር ባዕድ አይሆንብዎትም። በካህናት ማሠልጠኛው ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምሩ የጥንት አረማውያንን ቅኔ ያነቡላቸው እንደነበር ተማሪዎችዎ ዛሬም ያነሳሉ። አንዱ «አባ፣ እነዚህ እኮ ለጣዖት የሰገዱ ሰዎች ናቸው፤ ለምን እናነባቸዋለን?» ቢልዎት «ጣዖታቸው ሞቷል፤ እንጉርጉሯቸው ግን የኛም ነው። የድሮ አባቶች እነዚህን ግጥሞች በቃላቸው የያዙት ጠልተዋቸው ይመስልሃል? ሰው በጨለማ ቢዳክርም የሚዳክረው በር ፍለጋ ነው» ብለውታል። ጌታ ሳይወለድ የሞቱ ሰዎች እንዴት አላወቁትም ተብለው ይፈረድባቸዋል እያሉ ሲሟገቱ እኔም በማዕድ ላይ ሰምቼዎታለሁ። ለማያውቋቸው ሙታን ጠበቃ ነበሩ። ስለ እናትዎ ግን አንድም ቀን ሲሟገቱ አልሰማሁም።

ልወቅስዎት አይደለም። እንዴት እንደሚወዷት አውቃለሁ። እናቴ እየሳቀች ደጋግማ የምታወራልን ነገር አለ። ገና አዲስ ቄስ ሳሉ አለቆችዎ «እናትህ የምትለማመነውን ዛፍ ሳትቆርጥ ሌላውን ምን ብለህ ልታስተምር ነው?» ብለው መጥረቢያ አስይዘው ላኩዎት። አያቴ ከቤት ወጥታ አየችዎት። «ውይ ልጄን! ላብህ እንኳ ሳይደርቅ? መጀመሪያ ውሃ ጠጣ» ብላ ዛፉ ጥላ ሥር በርጩማ አደረገችልዎት። ውሃውን ጠጡ፣ ተጫወታችሁ። ከዚያ መጥረቢያውን አንስተው ማገዶዋን ፈለጡላትና ተመለሱ። ለአለቆችዎ ምን እንዳሏቸው እስከ ዛሬ አናውቅም፤ ዋሽተዋቸው ከሆነ ግን ደስ ይለኛል።

አያቴ ስትሞት ልብሰ ክህነት ሳይለብሱ ከለቀስተኛው ራቅ ብለው ቆሙ። ላልተጠመቀ አይጸለይምና አልጸለዩም። ሕጉ ነው ብለው ነው፣ አልፈረድኩብዎትም፤ እንዲያውም አንጀቴን በሉት። ከንፈርዎ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁና። ከዚያ ወዲህ ግን ስሟን ጠርተው አያውቁም። እኛም እርስዎን እንዳይከፋዎት ብለን ተውነው፤ እናትዎን ግድግዳ ውስጥ አስገብተን ለሰንንባት።

የምለምንዎት «ወደ ቦታዋ መልሷት» እንዲሉ ነው። አሸዋዋን እንደ አዲስ ነፍቼ፣ ስሱን ድንጋይ አቁሜ፣ እዘጋባታለሁ። ባለሙያዋም ፎቶ አንስታታለች፤ እዚያው ብትቆይ ደስ ይላታል። ሰብሳቢውን ደግሞ መሳሙን ማንም እንዳያነሳበት ቃል እንግባለት፤ እኔም ከዚህ ደብዳቤ በኋላ አላነሳበትም። ስበሯት የሚሉ ከሆነ ግን ሌላ ሰው ይፈልጉ፤ እኔ እጄን አላነሳባትም።

አንድ ነገር ቀረኝ። አያቴ ነፍሷ ሊወጣ ሲል አጠገቧ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ እርስዎ ገና መንገድ ላይ ነበሩ። ለራሷ አልፈራችም። «ልጄ በሰማይ የሚሄድበት ቤት ያማረ ነው ይላሉ፤ እሰይ፣ ይገባዋል» አለችኝ። እጄን ያዘችና «እናት የማይገባበት ቤት ከሆነ ግን፣ እሱ እዚያ ውስጥ ይከፋው ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ።

ጋሼ፣ «አጎቴን እጠይቅልሻለሁ» አልኳት። ይኸው፣ ጠየቅኩዎት።

አክባሪዎ፣
የእህትዎ ልጅ ግንበኛው