ስለ ወተቱ የተናገርኩት

ማክሰኞ

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ነው የዋሸሁት። እስከዚያ ድረስ ደህና ነበርኩ። ስሜን ተናገርኩ፤ በማኔጅመንት መመረቄን ተናገርኩ፤ መናኸሪያው አጠገብ ጋሽ ከድር ሱቅ ሁለት ዓመት መሥራቴን ተናገርኩ።

ቦታው የሆቴል አዳራሽ ነው። ዲላ ላይ ሊከፈት ያለው ሱፐርማርኬት ዲግሪ ያለው ሰው አሠልጥኖ ሥራ አስኪያጅ ሊያደርግ ነው። የሚወስዱት አንድ ብቻ፤ የተጠራነው ስድስት። ጠያቂዎቹ ሁለት ናቸው፦ ከአዲስ አበባ የመጣ ላፕቶፕ የያዘ ወጣትና የቅርንጫፉ ኃላፊ ወይዘሮ ሰናይት።

ወጣቱ፣ "ሥራ ላይ ስህተት አይተሽ ያረምሽበትን አጋጣሚ ንገሪን" አለኝ።

ምንም አልመጣልኝም። ከዚያ ወተቱ መጣልኝ።

"አሠሪዬ ጊዜው ያለፈበት የሕፃናት ወተት ሊሸጡ ነበር" አልኩ። "እምቢ ብዬ ያስቆምኳቸው እኔ ነኝ።"

ወጣቱ ቀና አለ። "ይሄ ድፍረት ይጠይቃል" ብሎ መጻፍ ጀመረ። ወይዘሮ ሰናይት ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። እኔም ደስ ብሎኝ ቀጠልኩ! መደርደሪያውን እንዴት እንዳስተካከልኩ ሁሉ አስረዳኋቸው።

እውነቱን እዚህ እንኳ ልጻፈው። ሐምሌ ላይ አዲሱን የወተት ካርቶን ከፊት የደረደርኩት እኔ ነኝ። አሮጌው ከኋላ ተረስቶ ቀኑ አለፈ። ያገኙት ጋሽ ከድር ናቸው። አልጮኹብኝም። ዝም ብለን ከጣልነው ሰው አንስቶ ለልጁ ያጠጣዋል ብለው ጣሳዎቹን አንድ በአንድ ከፍተው ጓሮ ጉድጓድ ውስጥ ደፏቸው። እኔም አብሬ ደፋሁ። "አሮጌው ከፊት፣ አዲሱ ከኋላ። የሚጠጣው ሕፃን ነው" አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አንስተውት አያውቁም።

ያነሳሁት እኔ ነኝ። ያውም ገልብጬ።

ረቡዕ

ጋሽ ከድር ገና ሱቁን ሳንከፍት፣ "እህ፣ እንዴት ሆነልሽ?" አሉኝ።

"ደህና ነው ጋሼ።"

"አላህ ያቅናልሽ። ብትሄጂብኝ እጎዳለሁ፤ ግን ሂጂ። ዲግሪ ይዞ ሳሙና መሸጥ እስከ መቼ?"

ከዚያ ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የሥራ ልምድ ደብዳቤዬ ነው። ሱፐርማርኬቱ እንደሚፈልገው ነግሬያቸው ነበር፤ ትናንት እኔ ፈተና ላይ ሳለሁ ራሳቸው ጸሐፊ ቤት ሄደው አስጽፈውታል። "ታማኝ ናት። ሱቄን ጥዬላት ሐዋሳ ደርሼ እመለሳለሁ" ይላል። ማኅተሙ ትንሽ ተጣሞ ነው ያረፈው።

አመሰገንኳቸው። መጋዘን ገባሁና የፓስታ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ።

ዛሬ ለራሴ የሰጠሁት ሰበብ፦
ቃለ መጠይቅ ላይ የማይዋሽ የለም።
ወተቱ እኮ እውነትም ቀኑ አልፎ ነበር።
እሳቸው አይሰሙም።
እናቴ መንደራችን ጪጩ ላይ የአንድ ዓመት ቡናዋን ሸጣ ነው የመጨረሻ ዓመት ያስተማረችኝ።

አራቱም ለግማሽ ቀን ያህል ሠርተውልኛል። ከምሳ በኋላ አልሠሩም።

ሐሙስ

ተደወለልኝ! ከስድስቱ ሁለት ቀርተናል፤ አንዷ እኔ ነኝ። ነገ እዚያው ሱፐርማርኬቱ ውስጥ የተግባር ፈተና አለ። በደስታ ጮኼ ልሞት ነበር። ጋሽ ከድር ሰምተው ለስላሳ ከፈቱልኝ።

ለስላሳውን ሳልጨርስ ሲስተር ወይንሸት ገባች። ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው፤ ከወለደች ጀምሮ ወተት የምትገዛው ከእኛ ነው። ዛሬ ግን ጣሳውን ገለበጠችው። የስልኳን መብራት አብርታ ቀኑን አነበበች። ሌላ አስወረደችኝ፤ እሱንም አነበበች። ሁለቱም ገና ብዙ ጊዜ አላቸው።

"ይቅር፣ ሌላ ቀን እወስዳለሁ" ብላ ወጣች።

ከሰዓት ደግሞ ሌላ እናት፤ እንደዚያው። ጋሽ ከድር ሳቁ። "ዛሬ አገሩ ሁሉ ማንበብ ጀመረ" አሉ።

እኔ አልሳቅኩም።

ዓርብ

የተግባር ፈተናው ቀላል ነበር። የተዘበራረቀ መደርደሪያ ሰጡን፤ ደርድሩ አሉን። አሮጌው ከፊት፣ አዲሱ ከኋላ። እጄ ብቻውን ይሠራ ነበር። አብሮኝ የቀረው ልጅ ቆርቆሮዎቹን በቀለም ነው የደረደረው።

ስንጨርስ ወይዘሮ ሰናይት ወደ ጎን ወሰዱኝ። ክንዴን ያዝ አድርገው፣ "በርቺ፣ ጥሩ ላይ ነሽ" አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

"ያ ሰውዬ ግን አይገርምም? የሕፃን ወተት! እህቴ ወይንሸት ከሱ ነበር የምትገዛው። እንዳትደርስበት ነግሬያታለሁ፤ እሷም ለጓደኞቿ ነግራለች።"

እዚያ ላይ መናገር ነበረብኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። "የለም፣ ጥፋቱ የኔ ነው" ማለት። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን "አመሰግናለሁ" ነው።

በእግሬ ነው የተመለስኩት። ባጃጆች ጥሩምባ ይነፉብኛል፤ ለካ መሀል መንገድ ላይ ነኝ። የበሉበትን ወጪት ሰባሪ ሲባል እሰማ ነበር። ሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ቅዳሜ

ጋሽ ከድር ሰምተዋል። ትናንት ከጁምዓ ሲወጡ አንድ ወዳጃቸው ነው የነገራቸው። ዛሬ ስደርስ ወተቱን ሁሉ አውርደው መሬት ላይ ደርድረውታል። በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው እያንዳንዱን ጣሳ ያያሉ።

"ሠላሳ ዓመት እዚህ ከተማ ነግጃለሁ" አሉ ቀና ሳይሉ። "ማን ነው እንዲህ ያለኝ? አንቺ ምስክሬ ነሽ። ያን ጊዜ አብረን አይደል የደፋነው? ነይ አብረን እንሂድና ለሲስተር ወይንሸት ንገሪልኝ።"

ምስክሬ ነሽ ሲሉኝ አልቻልኩም።

"እኔ ነኝ ጋሼ። ፈተናው ላይ እኔ ነኝ ያልኩት።"

ያልገባቸው መሰለኝ። ደግሜ ነገርኳቸው። እርስዎ ሊሸጡ ሲሉ እኔ አስቆምኩ ብዬ ነው የተናገርኩት አልኳቸው። በእጃቸው የያዙትን ጣሳ ቀስ ብለው አስቀመጡ።

"ለምን?"

"ሥራውን ፈልጌ።"

"ሥራውንማ ፈልጊ። እኔም ፈልጌልሻለሁ።" መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። "በኔ ስም ግን ለምን?"

ቢሰድቡኝ፣ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። የሱቁን ቁልፍ እንድተው ነገሩኝ። ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት። ስወጣ አላዩኝም።

እሁድ

ጪጩ ነኝ። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን እስክትመለስ ቡናው ሥር ተቀምጬ ጠበቅኳት። ቀዩ ቡና ማድረቂያው አልጋ ላይ ተሰጥቷል፤ ዝንብ ወሮታል።

ሁሉንም ነገርኳት። ከእናቴ ጋር በቋንቋችን በጌዴኦፋ ነው የምናወራው፤ በጌዴኦፋ ስናገረው ይበልጥ አስቀያሚ ሆነ። በአማርኛ "ተሳሳትኩ" ብዬ የማልፈው እዚያ ማለፊያ አጣ።

ታጽናናኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን አጣጥፋ ስትጨርስ ጠየቀችኝ።

"የሰውዬውን ስም የጣልሽው ሰው ፊት ነው?"

"አዎ።"

"እንግዲያው ሰው ፊት አንሺው። እኔ ጋ መጥተሽ ብታለቅሺ ለሳቸው ምን ይረባቸዋል?"

ከዚያ ቆጮ አቀረበችልኝ። ሁለት ጉርሻ በላሁ።

ሰኞ

ጠዋት ወይዘሮ ሰናይት ቢሮ ሄድኩ። ቢሮው ገና ቀለም ቀለም ይሸታል። ቆሜ ነው የተናገርኩት፤ ተቀመጪ ቢሉኝም እምቢ አልኩ። ወተቱን የረሳሁት እኔ ነኝ። ያገኙትም የደፉትም ጋሽ ከድር ናቸው። አሮጌው ከፊት የሚለውን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው።

እስክጨርስ ሰሙኝ። ፊታቸው ላይ የነበረው ሙቀት ሲጠፋ አየሁት። የሰው ፊት እሳት ነው ይላሉ፤ የሳቸው ግን በረዶ ሆነ።

"አንደኛ ወጥተሽ ነበር" አሉ። "ዛሬ ልንደውልልሽ ነበር።"

"አውቃለሁ" አልኩ። አላውቅም ነበር።

"አሁን ልቀጥርሽ አልችልም። ይገባሻል አይደል?"

ይገባኛል። ለእህታቸው እንዲነግሩልኝ ለመንኳቸው። "እኔ ያመጣሁትን ወሬ እኔ እመልሳለሁ" አሉ፤ በራሳቸውም የተናደዱ ይመስላሉ። "አንቺም በበኩልሽ ሂጂ።"

ሄድኩ። ሲስተር ወይንሸት ልጇን አዝላ በር ላይ ቆማ ሰማችኝ። "እኔ ደግሞ ለስንት ሰው ነገርኩ መሰለሽ!" ብላ ተቆጣችኝ። ትክክል ናት። ግቢ አላለችኝም።

ማክሰኞ

ጋሽ ከድር ሱቅ ሄድኩ። ሆን ብዬ ሰው የሚበዛበትን ሰዓት መረጥኩ። ሦስት ሴቶችና አንድ የባጃጅ ሹፌር ነበሩ። ደጃፉ ላይ ቆሜ ተናገርኩ። "ጋሽ ከድር ጊዜው ያለፈበት ወተት ሸጠው አያውቁም። እንደዚያ ብዬ ስማቸውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ውሸቴን ነው።"

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ላብ አጠመቀኝ። አንዷ ሴት፣ "ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው?" አለች።

ጋሽ ከድር ከእኔ ይልቅ እሳቸው አፈሩ። "በቃ፣ በቃ! ልጅ ናት፣ ተሳስታ ነው" አሉ ስኳር እየመዘኑ። ለሴትየዋ ሰጡ፤ ሸኙ። ሹፌሩ የስልክ ካርድ ጠየቀ፤ እሱንም ሰጡ። እኔ እንደቆምኩ ነኝ። ሊወጣ ሲል ደጃፉ ላይ ስለቆምኩ ማለፊያ አጣ።

"መንገድ ዘጋሽ" አሉኝ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ያናገሩኝ የመጀመሪያ ቃል ነው። "ወይ ግቢ፣ ወይ ውጪ።"

ገባሁ።

ምን እንደምሠራ አላወቅኩም። የሳሙና ካርቶን ሳይፈታ ተቀምጦ ነበር፤ ፈታሁት። አልከለከሉኝም። እስክንዘጋ ድረስ ስለ ሥራ ካልሆነ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ነገ ነይም አላሉ፤ አትምጪም አላሉ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ደጃፉ ላይ እገኛለሁ።