የቱ ነው የሚነዝረው

ሰኞ
ዛሬም ያው ነው። ሲዲውን በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ጠረግሁት። ማጫወቻውን ከሚወላወለው ጠረጴዛ አንስቼ መሬት ላይ አስቀመጥሁት። ስፒከሮቹን ከግድግዳው አራቅሁ። ወፍራሟ አውታር በተመታች ቁጥር ግን ያ ድምፅ ይመጣል። ዝዝዝ። የተቀደደ ነገር።

ባለቤቴ ሮማን ከኩሽና ሆና፣ በገና እኮ ነው፣ ታዲያ ምን ያድርግ አለችኝ። በገና መሆኑን አውቃለሁ። የታላቅ ወንድሜ የጋሼ ተስፋዬ በገና ነው። መንዘር እንዳለበትም አውቃለሁ። ይኼኛው ግን ሌላ ነው። ሌላ ይመስለኛል።

ጋሼ ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ አንድ ዘመድ ይህንኑ ሲዲ እዚሁ ቤታችን በስልክ ቀድቶ አሰማቸው፤ እንዲጽናኑ ብሎ። "ጣሳ ውስጥ የገባች ዝንብ" አሉ። "ስደረድር የኖርኩት ይሄንን ነው?" ከዚያ ወዲህ በገናውን ጾሙ ሳይገባ ሌላ ከተማ ላለ ቤተ ክርስቲያን እሰጣለሁ እያሉ ነው። አንድ ጊዜ በደንብ ይስሙትና ከዚያ ይወስኑ ብዬ ለመንኳቸው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይመጣሉ።

ያ ዘመድ ምን አስቦ ነው?

ማክሰኞ
ጋሼን ሬሃ፣ እጃቸውን የሚያሠሩበት ማገገሚያ፣ ወሰድኳቸው፤ ቀጠሮ ነበራቸው። ስትሮኩ የያዘው የግራ እጃቸውን ነው። ያኔ ሐኪሙ፣ የሚጽፉት በቀኝዎ ስለሆነ ዕድለኛ ነዎት ብሏቸው ነበር። ዛሬ ጣታቸውን የምታሠራቸው ሴትዮ ያንኑ ደገመችው። ዕድለኛ። በገና የሚደረደረው በግራ እጅ ነው። ልነግራት ብዬ ጀርመንኛው አፌ ውስጥ ተሰባበረ። ይህን ሁሉ ዘመን ኖሬበት ስናደድ ይጠፋብኛል።

ጋሼ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ "ተዋት፣ ጨዋ ናት" አሉኝ።

ያቃጠለኝ ጨዋነቷ ነው።

ረቡዕ
ቦርንሃይም ሰፈር። አንደኛውን ስፒከር ተሸክሜ በርገር መንገድ ላይ ያለ የድምፅ ዕቃ ሱቅ ሄድኩ። ሰውየው ስፒከሩን ፈተሸ፣ ሲዲውን አዳመጠ፣ ከዚያ ቀረጻው የተበላሸ ነው አለኝ። አስረዳሁት። ከአውታሩ ሥር ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች፤ አውታሩ እሷን እየነካ ይነዝራል፤ የመሣሪያው ድምፅ ይኸው ነው፣ ብልሽት አይደለም። ለሽማግሌ እንደሚነቀነቅ ራሱን ነቀነቀልኝ። አንድ ነገር አዞረ። ንዝረቱ ጠፋ። "ንጹሕ" አለና ፈገግ አለ።

ንጹሕ! ትራስ ሥር የታፈነ ክራር አድርጎታል። ሲዲዬን ነጥቄው ወጣሁ።

ኡባን ባቡር ውስጥ ከተቀመጥሁ በኋላ ነው ሌላው ቃሉ ትዝ ያለኝ። ስፒከርዎ ምንም አልሆነም ብሎኛል። እና የተበላሸው ምንድን ነው? ቀረጻው? የጋሼ እጅ? ጆሮዬ? እስከ ሰፈራችን ጊንሃይም ድረስ ጆሮዬን ስነካካ መጣሁ።

ሐሙስ
ገመድ ቀየርሁ። ምንጣፍ አነጠፍሁ። ወፍራሙን ድምፅ ቀነስሁ፣ መልሼ ጨመርሁ። ከታች ያለው ጎረቤት ጣሪያውን ደበደበ። እኔም ወለሉን በእግሬ ደበደብሁ። በዚህ ዕድሜዬ።

ሮማን እጇን እያደራረቀች መጣች። "ከበገና ውስጥ ዝዝታ ፈልገህ እንዴት ልታገኝ ነው? በገና የሌለበት አስገባ።"

እሷው አንድ ሲዲ ከመሳቢያ አወጣች። ስንመጣ የተማርንበት የጀርመንኛ ትምህርት። ያ ባለ ወፍራም ድምፅ ሰውዬ፣ ያኔ እንደ አለቃ የምንፈራው፣ "ጉተን ታግ" አለ። ዝዝዝ። ስሙን ተናገረ። ዝዝዝ። የሚኖርበትን ከተማ ተናገረ። ሮማን መቆም እስኪያቅታት ሳቀች። "ይሄም ይደረድራል እንዴ?"

ከዚያ የብርጭቆ ሽራንኩ፣ የቁም ሣጥኑ፣ መስታወት ላይ መዳፏን አሳረፈች። ዝዝታው ቆመ። እጇን አነሳች። ጀመረ።

መሳቅ ነበረብኝ። እሷን ማቀፍ ነበረብኝ። እኔ ግን ተናደድሁ። ሽራንኩ እዚያ ከቆመ ስንት ዓመቱ ነው? በየጾሙ ዓይኔን ጨፍኜ ያዳመጥሁት ምንድን ነው? እንግዳ ሲመጣ፣ ስሙልኝ፣ ይህን የመሰለ ነዛሪ የለም ያልሁት? ግማሹ የብርጭቆ ሽራንክ ነው። መፍቻ አምጥቼ የመስታወት በሩን ነቀልሁት። መጋረጃው ኋላ አቆምሁት።

ዓርብ
ብቻዬን ሰማሁት። ሌላ ነው። ጋሼ ከመጀመራቸው በፊት ትንፋሽ ሲስቡ ይሰማል።

ግን አነሰብኝ። መስታወቱ ናፈቀኝ ማለት ነው? ለሮማን አልነገርኳትም።

እሁድ
ጋሼ መጡ። በገናው በጋቢ ተጠቅልሎ አብሯቸው መጣ። የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ነገ ከዚህ ከእኔ ቤት ይወስደዋል፤ ጨርሰውታል። ተሸክሜ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

መሃል ላይ ወንበር ሰጠኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙ። ድገመው አሉ። ደገምሁት። ፊታቸው ጠቆረ።

"አራተኛዋን አውታር ሰማሃት?"

አልሰማሁም።

"ቆዳዋ ተንሸራታለች። ደንቁራለች። ይሄን ሁሉ ዓመት ሰው እንዴት አይነግረኝም?"

ሮማን፣ ጋሼ፣ እኔ እኮ ሁልጊዜ ነው የማለቅስበት አለቻቸው።

"ለደንቆሮ አውታር ነዋ ያለቀስሽው።"

ጋቢውን በቀኝ እጃቸው ገፈፉት። አራተኛዋ ዛሬም እንዳለች ናት፤ ቆዳዋ ወደ ጎን ተንሸራታ። እንዲህ ሆኖ ለሰው አይሰጥም አሉ፤ ያዋርደኛል። ቆዳዋን በቀኝ አውራ ጣታቸው መግፋት ጀመሩ። ግን የሚመታላቸው ሰው ያስፈልጋል።

"ግራ እጅህን አምጣ።"

ደርድሬ አላውቅም። ልጅ ሳለሁ እንዳልነካው የከለከሉኝ እሳቸው ናቸው። መታሁ። ጣቴን በጥፊ አሉት። በጥፍርህ አይደለም። መታሁ። ቆዳዋን ትንሽ ገፉ። ጠበቀ፣ ላላ፣ እንደገና። ሮማን ሻይ አቅርባ ማንም አልነካውም። ኋላ አንዴ ስመታው አውታሩ ነዘረ፤ ረጅም፣ ሙሉ፣ ክፍሉን የሞላ። ዞር ብዬ ሽራንኩን አየሁ። መስታወት የለውም።

"ምን ታያለህ? አንተ ነህ" አሉኝ። በቁጣ ነው ያሉት።

መኪና ውስጥ ሲገቡ፣ ነገ የሚመጣውን ሰውዬ ምን ልበለው ብዬ ጠየቅኋቸው። ቀበቶውን በአንድ እጃቸው ሲታገሉ ቆዩ። እንዳላግዛቸው ገፉኝ።

"ገና ነው በለው።"

ለሳምንት ይሁን ለሁልጊዜ አልጠየቅሁም። በገናው ሳሎን ውስጥ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። የግራ ጣቴ ጫፍ ይለበልበኛል።